«ከረሜላ አይበላም እኮ ዶክተር!» እና ሌሎች የጥርስ ወሬዎች

ልለምናችሁ፤ ልጃችሁን ይዛችሁ ስትመጡ «ከረሜላ አልሰጠውም እኮ» አትበሉኝ። ደሴ ውስጥ ጥርስ ሐኪም ሆኜ ይህን ስንቴ እንደሰማሁት ቤቱ ይቁጠረው። የሚገርመው፣ እናት ይህን ስትነግረኝ ልጁ መንጋጋው ተቦርቡሮ፣ በእጁ ብስኩት ጨብጦ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ብስኩት ዱቄትና ስኳር ነው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ ወደ አሲድ ይለውጡታል። የአፍ ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ አሲዱ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ማሟሟት ይጀምራል። ምራቅ ደግሞ አሲዱን አጥቦና አርግቦ አፉን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ከ20 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት። ከረሜላ ቢያንስ ተመጦ ያልቃል። ብስኩት ግን ሊጥ ሆኖ መንጋጋው ላይ ባሉት ስንጥቆች ውስጥ ይወተፋል፣ ልጁ ወጥቶ ሲጫወትም እዚያው አለ። ቺፕስም ያው ነው፤ ጨው ጨው ስላለ ብቻ ለጥርስ አይጎዳም ብላችሁ አትሸወዱ።

አንዲት የኮምቦልቻ እናት የ5 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ሱቅ አላት። ከረሜላ በቤቷ በፍጹም! «ታዲያ ጠዋት ከተነሳ ጀምሮ ምን ይበላል?» ብዬ ጠየቅኳት። «ምንም። ብስኩት ብቻ፣ እሱም ትንሽ ትንሽ» አለችኝ። ልጁ ጠዋት አንድ እሽግ ይከፍታል፣ እስከ ማታ እየተመላለሰ ይቆነጥራል። ጥርሱን የጨረሰው እኮ ያ «ትንሽ ትንሽ» ነው! እሽጉን ከምሳ በኋላ ባንዴ ቢጨርሰው ጥርሱ አንድ ጊዜ ይመታል፣ ከዚያ በምራቁ ያገግማል። አሥር ጊዜ ሲቆነጥር ግን አሥር ጊዜ ይመታል፣ ፋታ የለውም። እናም «ብስኩቱን አትከልክዪው፣ ግን ከምሳ ጋር ይሁን፣ በመሀል ውሃ ብቻ» አልኳት። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሐኪም ነው ብላ ሳትታዘበኝ አልቀረችም። ከወራት በኋላ ስትመልሰው አዲስ ቀዳዳ አላገኘሁበትም።

አዋቂውም ከዚህ አይሻልም። ደሴ ብርድ ነው፣ የጦሳ ንፋስ ሲመጣ ሻይ ያስፈልጋል፣ አልፈርድም። ግን በየሰዓቱ ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር እያሉ ፉት ማለት ያው የልጁ ብስኩት ነው። አምስት ሻይ በዚህ ሂሳብ አሥራ አምስት ማንኪያ፣ 60 ግራም ገደማ ስኳር ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ በቀን ከ50 ግራም አይለፍ፣ ቢቻል ወደ 25 ይውረድ ይላል። ኮምቦልቻ ደግሞ ሞቃት ስለሆነች ለስላሳው ይበዛል። የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች ጫታቸውን ይዘው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ለሦስት አራት ሰዓት እየጠጡ ይቀመጣሉ። ጫት አፍ ያደርቃል፣ የሚከላከለው ምራቅ ይቀንሳል፣ በላዩ ላይ ስኳርና አሲድ። መቃም ካልቀረ ውሃ አድርጉት፣ ለውዝም ጥሩ ነው።

«ማር ተፈጥሯዊ ነው፣ ጥርስ አይጎዳም።» ባክቴሪያው ማርና ስኳር አይለይም።

«ጁስ ጤናማ ነው።» ፍሬውን ብሉት። ሲጨመቅ ስኳሩ ይለቀቃል፣ ጁስ ቤቱ ደግሞ ሽሮፕ ይጨምርበታል።

«ተምር በረመዳን ጥርስ አይጎዳም።» ተምር ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን ይጣበቃል። ስታፈጥሩ ብሉት፣ ውሃ ጠጡበት፣ ከዚያ እስከ ሱሁር ሲያኝኩ ማደር የለም።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል።» አዎ ይወድቃል፤ ግን የኋለኞቹ መንጋጋዎች የሚወድቁት ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በ4 ዓመቱ የተበላሸውን ልጁ ስንት ዓመት ሊሸከመው ነው? ያለጊዜው ሲነቀል ደግሞ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍቱ ቦታ ይጠጋሉ፣ የቋሚው መውጫ ይጠባል። ሌላም አለ። በ6 ዓመት ገደማ ከሁሉም ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወድቅ፣ ዝም ብሎ ብቅ የሚል መንጋጋ አለ። ቋሚ ነው፣ ተተኪ የለውም። ወላጅ የወተት መስሎት ችላ ይለዋል፣ እኔ ጋ ሲደርስ ነርቩ ተነክቷል።

«ቆሎ ጥርስ ያጠነክራል።» ይህን የሚሉኝ ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ እያከበርኩ እንከራከራለሁ። አባባ፣ የጥርስ ሽፋን በመታኘክ አይጠነክርም። ከሄደም አይበቅልም። ቆሎ ግን እወዳለሁ፤ ከቡና ቁርስ ሁሉ የምመርጠው እሱን ነው፣ ስኳር የለበትምና። ጠጠሩን ልቀሙ። ጥርስ ያስሞላ ሰው በተሞላው ጎን ባቄላ ቆሎ አይከስክስ። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎም ለውዝም አትስጡ፣ ያንቀዋል።

«ታዲያ ምን እንብላ?» ለምትሉኝ፦ እርጎ (ስኳር የሌለው)፣ አይብ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ካሮት፣ ለልጅ የተቀቀለ ሽምብራ። አይብ በተለይ አሲዱን ያረግባል፣ ካልሲየምም አለው። በጾም ለሚቸገር ሰሊጥ፣ ለውዝና የሽምብራ ቆሎ አለ። ሰኞ ገበያ ሄዳችሁ ካሮት ግዙ፣ ለትምህርት ቤት ከምታሲዙት ብስኩት አይከብድም። «ካሮት ካኘኩ መቦረሽ አያስፈልገኝም» እንዳትሉኝ ብቻ። ካሮት ምራቅ ያበዛል እንጂ ድድ ሥር የተለጠፈውን አያነሳም።

«ጥርስ ውስጥ ትል አለ።» የለም። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር በ1728 እ.ኤ.አ. ውድቅ ያደረገውን ወሬ ዛሬም በጭስ ትል አወጣለሁ የሚል ሰው ይሸጥላችኋል።

«ሎሚ በጨው ያነጣል።» ሎሚው ሽፋኑን ያሟሟል፣ ጨው ይፍቀዋል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ አልጠጣ አለኝ ብላችሁ ትመጣላችሁ።

«ጽንሱ ካልሲየሜን ከጥርሴ ወሰደው።» አልወሰደም፣ አብሽሪ። ጥርስሽን የሚጎዳው ማስታወኩና ቶሎ ቶሎ መቅመሱ ነው። ካስታወከሽ በኋላ አፍሽን በውሃ ተጉመጥመጪ፣ ብሩሹን ግማሽ ሰዓት አቆዪው።

«ድዴ ስለደማ ብሩሽ ተውኩ።» ይሄ ደግሞ ከብስኩቱ ቀጥሎ የሚያበሽቀኝ ነው። ድዱ የሚደማው አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ቆሻሻ ስላለ ነው፤ ብሩሽ ሲተው ቆሻሻው ይብሳል፣ ድዱም የበለጠ ይደማል። ብርቱካን በልቼ አድነዋለሁ የሚልም አለ። የቫይታሚን ሲ እጥረት ድድ ያደማል፣ እውነት ነው፣ የብዙዎቻችሁ ግን እሱ አይደለም። መፋቂያም ይሁን ብሩሽ ለስላሳውን ምረጡ፣ ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበትን ቦታ ቀስ ብላችሁ አጽዱ። መፋቂያ የምትወዱ፣ የፊቱን ብቻ አታሳምሩ፣ ከውስጥ በኩልና ከኋላም ግቡ። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከመኝታ በፊት። ሁለት ሳምንት እንዲህ አድርጋችሁ መድማቱ ካልቀነሰ ኑ፣ የተጋገረውን እናንሳላችሁ። ውሃ ጥም ከበዛባችሁና ሽንት ከተመላለሰባችሁ ደግሞ በዚያው የደም ስኳራችሁን ተለኩ፤ ስኳር በሽታ ድድን ያባብሳል፣ ያልታከመ ድድም ስኳሩን ያስቸግራል።