በመዳብ ሽቦ የምትሰፋ ጀልባ፦ ሚረር እና የቤት ውስጥ ጀልባ ሥራ

ሚረር 3.3 ሜትር ርዝመትና 1.39 ሜትር ስፋት ያላት፣ ባዶ አካሏ 45 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ሁለት ሰው የሚቀዝፋት ሳይሆን በነፋስ የሚነዳት ትንሽ የእንጨት ጀልባ ናት። በ1962 እንግሊዝ ውስጥ ተነድፋ በ1963 ለገበያ ቀረበች (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ከ70,000 በላይ ሚረሮች ተሠርተዋል። ከእነዚህ ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ የመርከብ ሠሪ ወርክሾፕ ደጃፍ አልረገጡም። የተሠሩት በመኪና ማቆሚያ፣ በጓሮ፣ በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍል፣ አንዳንዴም ሳሎን ውስጥ ነው። ሳሎን ውስጥ የሚሠራ ሰው መጋዝ ከማንሳቱ በፊት የበሩን ስፋት መለካት እንዳለበት የሚነገረው ቀልድ ብቻ አይደለም።

ከዚህች ጀልባ በፊት የእንጨት ጀልባ ሥራ ረጅም ዓመት በጌታ ሥር የሚለመድ ሙያ ነበር። መጀመሪያ እንደ ጀርባ አጥንት ያለው ወፍራም እንጨት ይዘረጋል፤ በላዩ የጎድን አጥንቶቹ ይቆማሉ፤ ከዚያ ሳንቃዎቹ በእንፋሎት እየለሰለሱና እየተጎበጡ አንድ በአንድ ይቸነከራሉ። እያንዳንዱ ሳንቃ ከጎረቤቱ ጋር የሚገጥምበት ጠርዝ ከፊት እስከ ኋላ ማዕዘኑን ይለዋውጣል። ይህን ዐይቶ የሚቆርጥ እጅ በአንድ ክረምት አይገኝም።

ነገሩን የለወጠው ጦርነት ነው ማለት ይቻላል። አናጺዎቻችን ኮምፖርሳቶ፣ ገበያው ደግሞ ፕላይውድ የሚለው በስስ ንጣፎች የተጣበቀ ጣውላ ጥንት የነበረ ነገር ቢሆንም፣ ኮላው ውሃ ሲነካው ይላቀቅ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ውሃ የማይበግራቸው ሰው ሠራሽ ኮላዎች ተስፋፉ። ሞስኪቶ የተባለው የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላን እንኳ በአብዛኛው ከእንጨትና ከኮምፖርሳቶ የተሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ይህ ዕውቀት ወደ ሰላማዊው ሰው እጅ ገባ። ጃክ ሆልት የተባለው እንግሊዛዊ የጀልባ ነዳፊ በ1947 ካዴትን፣ በ1949 ጂፒ 14ን፣ በ1956 ኢንተርፕራይዝን አከታትሎ ነደፈ። ሁሉም ቤት ውስጥ በኮምፖርሳቶ እንዲሠሩ የታሰቡ ነበሩ። ግን ጣውላው የሚቸነከርበት የውስጥ አጽም አሁንም ያስፈልግ ነበር፤ ያን አጽም በትክክለኛ ማዕዘን መላግ ደግሞ ብዙ ጀማሪዎችን መንገድ ላይ ያስቀር ነበር።

እዚህ ላይ ባሪ በክኔል ይመጣል። በክኔል የቢቢሲ ሰው ነበር፤ ተመልካቹን ቤቱን በገዛ እጁ እንዴት እንደሚያድስ በቴሌቪዥን የሚያሳይ። እሱና ሆልት የተጠቀሙበት መፍትሔ አጽሙን ጨርሶ መተው ነበር፦ ጣውላዎቹን በመዳብ ሽቦ መስፋት፣ ከዚያ ስፌቱን በሬዚን፣ ማለትም ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ኮላ፣ በተነከረ የፋይበርግላስ (ከመስታወት ክር የተሸመነ) ጥብጣብ ማሸግ። ወጪውን የደገፈው ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ስለነበር ጀልባዋ ስሙን ወሰደች፤ ቀይ ሸራዋም ከጋዜጣው ቀለም የመጣ ነው። ተቆርጦ የተዘጋጀው ሙሉ ዕቃ መጀመሪያ ሲሸጥ ዋጋው 63 ፓውንድ ከ11 ሺሊንግ ነበር፤ በጊዜው የአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ የወር ደመወዝ አካባቢ መሆኑ ነው። ጀልባ መንዳት የሀብታም ጨዋታ በነበረበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

መስፋት ሲባል ለእኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የጣና ታንኳ ሠሪ ደንገሉን አንድም ሚስማር ሳያስገባበት አስሮ ነው ውሃ ላይ የሚጥለው። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍም ሳንቃቸው በገመድ የተሰፋ ጀልባዎች እንደነበሩ ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መዝገብ ይመሰክራል። ልዩነቱ እዚያ ስፌቱ ጀልባዋን ዕድሜዋን ሙሉ ይዞ የሚኖር ሲሆን፣ ሚረር ላይ ሥራው ኮላው እስኪደርቅ ድረስ ጣውላዎቹን መያዝ ብቻ መሆኑ ነው።

የአሠራሩን ምሥጢር የሚረዳው ከአናጺ ይልቅ ልብስ ሰፊ ይመስለኛል። ጨርቅ ጠፍጣፋ ነው፤ ትከሻ ግን ጠፍጣፋ አይደለም። ሰፊው ሁለት የተለያየ ኩርባ ያላቸውን ጠርዞች ሲያጋጥም ጨርቁ በግድ ይጎብጣል። ኮምፖርሳቶም እንዲሁ ነው። ሁለት የወለል ጣውላዎች፣ ሁለት የጎን ጣውላዎች፣ ከፊትና ከኋላ አንዳንድ መዝጊያ አሉ። ጠርዞቻቸው በነዳፊው ልክ ከተቆረጡ፣ ሲሰፉ ጣውላዎቹ ሌላ መልክ ሊይዙ አይችሉም። የጀልባዋ ቅርጽ ያለው በሠሪው እጅ ላይ ሳይሆን በቅዱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቅዱን ያዛነፈ ሰው በኋላ በኮላ የሚያርመው ነገር የለም። የራሱን ንድፍ ይዞ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ በካርቶን አንድ አሥረኛ መጠን ያለው ናሙና ቢሠራ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ ውድ ጣውላ ከማበላሸትም ያድነዋል።

ጣውላው ሚረር ላይ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። የመርከብ ደረጃ ያለው ኮምፖርሳቶ ከተራው የሚለየው በኮላው ብቻ አይደለም፤ በውስጠኛው ንጣፍ መካከል ክፍተት የለበትም። ክፍተት ካለበት ጣውላው ሲጎብጥ እዚያው ላይ ይሰበራል፤ ባይሰበርም ውሃ ይቋጥርና ከውስጥ ይበሰብሳል። ሻጩን ያላመነ ሠሪ ቁራጭ ወስዶ ድስት ውስጥ ይቀቅላል፤ ንጣፎቹ ከተላቀቁ ጣውላው ለቁም ሳጥን እንጂ ለጀልባ አይሆንም።

ከዚያ በጠርዞቹ ዳር ዳር ትናንሽ ቀዳዳዎች ተራ በተራ ይበሳሉ። ሁለቱ የወለል ጣውላዎች ፊት ለፊት ተደራርበው በአንድ ጠርዝ ይሰፉና እንደ መጽሐፍ ይገለጣሉ። ጎኖቹ ይከተላሉ። ሽቦው በፒንሳ ይጠመዘዛል፤ መጀመሪያ ላላ ተደርጎ፣ ሁሉም ቦታውን ከያዘ በኋላ ይጠብቃል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ከጣውላ ክምር የጀልባ መልክ ብቅ ሲል ሠሪው በጣም ይደሰታል፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጸመውም በዚያው ሰዓት ነው። ኮላ ከመቀባቱ በፊት ጀልባዋ አለመጠማዘዟ መታየት አለበት። ከፊት መሃል ተነስቶ እስከ ኋላ ሁለት ማዕዘኖች በሜትር ይለካል፤ ሁለቱ ልኮች እኩል መሆን አለባቸው። ፊትና ኋላ ላይ አንዳንድ ቀጥ ያለ ዘንግ አጋድሞ በአንድ ዐይን ማየትም ይጠቅማል። ዘንጎቹ ትይዩ ካልሆኑ ጀልባዋ ተጣማለች፤ ሬዚኑ ከደረቀ ደግሞ ተጣማ ትኖራለች።

የመጀመሪያዎቹ ሚረሮች የታሸጉት በፖሊስተር ሬዚን ነው። ዛሬ አብዛኛው የቤት ሠሪ ኤፖክሲ የተባለውን ሌላ ዓይነት ሬዚን ይመርጣል፤ እንጨት ላይ ይበልጥ ይጣበቃልና። ኤፖክሲው ላይ በጣም የደቀቀ ሰጋቱራ ተደባልቆ እንደ ስቱኮ ሲወፍር በውስጠኛው ማዕዘን ላይ ክብ ባለ ጫፍ ይሞላል፤ በላዩ ጥብጣቡ ይነጠፋል። ኤፖክሲ ጠባየኛ ነው። በብርድ አይደርቅም፤ በአንድ ቆርቆሮ ብዙ ከተበጠበጠ ደግሞ በራሱ ሙቀት ይጨሳል። ሲደርቅ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ስለሚተው በብርጭቆ ወረቀት ከመፈግፈጉ በፊት በውሃ መታጠብ አለበት። ቆዳን ደጋግሞ ከነካ አለርጂ ያስይዛል፤ አንዴ የያዘው ሰው ሥራውን ለመተው ሊገደድ ይችላል። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ እዚህ ቅንጦት አይደሉም። የፀሐይ ብርሃንም ስለሚጎዳው ሁልጊዜ በቀለም ወይም በቫርኒሽ ሥር መኖር አለበት።

ጀልባዋ ከውስጥ የታሸጉ የአየር ክፍሎች አሏት፤ ብትገለበጥም አትሰምጥም። ነጂው የመሃል ሳንቃዋ ላይ ቆሞ በክብደቱ ይመልሳታል። የመሃል ሳንቃ የሚባለው በወለሏ ቀዳዳ በኩል ወደ ውሃው የሚወርደው ጠፍጣፋ እንጨት ነው፤ ነፋስ ወደ ጎን እንዳይገፋት የሚይዛት እሱ ነው። የሚገባበት ሰገባ ግን ወለሉ የተቀደደበት ቦታ ነውና፣ ጀልባዋ ካፈሰሰች አብዛኛውን ጊዜ የምታፈሰው ከዚያ ነው። ሰገባው ከመዘጋቱ በፊት ውስጡን ደጋግሞ ያልቀባ ሠሪ በኋላ ብሩሹን የሚያስገባበት መንገድ አያገኝም።

አካሏ ተጠናቆ ሲታይ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ግማሽ ላይ ደርሷል ቢባል ይሻላል። መሪው፣ የመሃል ሳንቃው፣ ቀለሙ፣ ዘንጎቹና ገመዶቹ አካሏ የፈጀውን ያህል ጊዜ ይጠይቃሉ፤ በየጓሮው ሸራ ለብሰው የቀሩ ጅምር ጀልባዎች የሚበዙትም በዚህ ስሌት ምክንያት ይመስለኛል።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ደቀል የሚለው የሸራ ምሰሶ ሚረር ላይ አጭር ነው። ሆልት የመረጠው ጋንተር የተባለውን አደራረግ ነው፦ ከደቀሉ ጋር የምትያያዝ ሌላ ቀጭን ዘንግ በገመድ ተስባ ትወጣና ከደቀሉ ጫፍ በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሸራው የረጅም ምሰሶ ሸራ ያህል ከፍ ይላል፤ ሲወርድ ግን ዘንጎቹ ሁሉ ጀልባዋ ውስጥ ይገባሉ። መኪና ጣሪያ ላይ ጭኖ ወደ ሐይቅ ለሚሄድ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጀልባዋን ለጉዞ ማሰናዳት የሚጀምረው ደቀሉን በማቆም ነው። ሦስት ሽቦዎች ይይዙታል፤ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ፣ አንዱ ከፊት። በዚህ የፊት ሽቦ ላይ ትንሹ የፊት ሸራ ይያያዛል። ዋናው ሸራ በላይ በቀጭኗ ዘንግ፣ በታች በአግዳሚው እንጨት ይያዛል። ሁለቱ አንድ ላይ 6.5 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ሸራ የሚሰቀለው የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ነፋሱ ዞሮ ነው፤ ያለዚያ ገና ግማሽ ሳይወጣ ነፋስ ይሞላውና ጀልባዋ ሰው ሳይሳፈርባት ትሄዳለች። ዋናው ሸራ በበከራ በሚያልፍ ገመድ ይሰበሰባል፣ ይለቀቃል። ይህ ገመድ ከእጅ አይለይም፤ እንዲህ ባለች ትንሽ ጀልባ ላይ ቋጥሮ መተው ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ መገልበጥ ነው። ሌላው ገመድ ሁሉ የሚታሰረው ጭነት ሲኖርበት በማይንሸራተት፣ ሲፈለግ ግን በቀላሉ በሚፈታ ቋጠሮ ነው።

በነገራችን ላይ ሸራ የሚለው ስም እዚህ ትንሽ ያሳስታል። የዛሬው የጀልባ ሸራ ቀጥ ብሎ ከተሸመነ ፖሊስተር የሚሠራ ሲሆን፣ ነፋስ የሚይዝበት ሆድ እንዲኖረው ቁራጮቹ ጠርዛቸው እየጎበጠ ይሰፋሉ። ብዙው የቤት ሠሪ ጀልባውን በእጁ ሠርቶ ሸራውን ይገዛል። በ2003 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረችው ፐድል ደክ ሬሰር ግን ከዚህ ትለያለች። ይህች 2.4 ሜትር ርዝመት ያላት ሳጥን መሰል ጀልባ በተራ የዝናብ መከላከያ ላስቲክ እንኳ ትጓዛለች። መልኳ አያምርም፤ ትሄዳለች ግን።

የዚህ ቤተሰብ ታላቅ እኅት ኦፕቲሚስት ናት። በ1947 ፍሎሪዳ፣ ክሊርዋተር ከተማ ውስጥ ክላርክ ሚልስ ለልጆች የነደፋት ይህች ጀልባ ዋጋዋ ከ50 ዶላር እንዳይበልጥ ታስባ ነበር፤ ርዝመቷም 2.3 ሜትር የሆነው ከመደበኛው የኮምፖርሳቶ ጣውላ ልክ እንድትወጣ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ልጆች ውድድር የሚጀምሩባት ጀልባ ብትሆንም፣ የውድድር ኦፕቲሚስቶች ከእንጨት ወደ ፋይበርግላስ ተሻግረዋል። ሚረርም ከለውጥ አላመለጠችም። በ2006 ማኅበሯ ከጋንተሩ ሌላ ባለ አንድ ረጅም ደቀል አደራረግንም ፈቀደ። በዚህኛው ፈጣን ናት፤ ዘንጓ ግን ውስጧ አይገባም።

የድሮዎቹም ቢሆኑ አላለቁም። ከእነሱ በአንዷ አንድ መምህር ከእንግሊዝ ሽሮፕሻየር ተነስቶ፣ በወንዝና በቦይ እያቆራረጠ አውሮፓን አልፎ ጥቁር ባሕር ደርሷል። ገዢ አሮጌ ሚረር ሲያይ መጀመሪያ የሰገባውን ዙሪያ ይጫናል፤ ከለሰለሰ ዋጋ ይቀንሳል። ቀጥሎ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ማዕዘኖቹን ያያል። ብርሃን በሚያሳልፈው የቆየ ጥብጣብ ሥር የመዳብ ሽቦዎቹ ተራ በተራ ይታያሉ፤ የጀማሪ እጅ የሠራት ከሆነች አንዱ ስፌት ከሌላው እየተራራቀ፣ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ እየተጠመዘዘ።