አዲስ ቴክኖሎጂን ማን ያስተዳድረዋል? እየተደጋገሙ የሚነገሩ ስሕተቶችና እውነታው

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ስለ ጂን ምሕንድስና ወይም ፊትን ስለሚለዩ ካሜራዎች ክርክር በተነሣ ቁጥር የሚወረወሩት ዐረፍተ ነገሮች ጥቂት ናቸው። ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው ከተናጋሪው ቀድሞ ሊጨርሳቸው ይችላል። አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ለማረም የሚያስቸግሩትም ለዚህ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

«ቁጥጥር ፈጠራን ይገድላል»

የዚህ አባባል ጠበቆች ዘወትር የሚጠሩት ምስክር የ1865ቱን የእንግሊዝ ሕግ ነው። ሕጉ በራሱ ኃይል የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ በከተማ ውስጥ በሰዓት ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም እንዳይበልጥ፣ ከፊቱም ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ እንዲሄድ ያዝዝ ነበር። አስቂኝ ሕግ ነው፤ አልከራከርም። እኔ ደግሞ ሌላ ምስክር ልጥራ።

በ1976 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተለያዩ ፍጥረታትን ዲኤንኤ ቆርጦ ለመቀጠል የሚያገለግል ላቦራቶሪ ሊሠራ ሲነሣ፣ የአሜሪካዋ ኬምብሪጅ ከተማ ምክር ቤት ምርምሩን ለጊዜው አስቆመ። ጉዳዩን እንዲመረምሩ የተሰየሙት በሙያው ውስጥ ያሉ ሳይንቲስቶች ሳይሆኑ የከተማዋ ነዋሪዎች ነበሩ። ለወራት ባለሙያዎችን ከግራና ከቀኝ ሲጠይቁ ከረሙ። በመጨረሻም ምርምሩ ይቀጥል፣ ጥንቃቄው ግን ይጥበቅ አሉ። ምክር ቤቱ በ1977 ሕግ አወጣበት። ታዲያ ፈጠራው ሞተ? ባዮጅን የተባለው ኩባንያ በ1982 ወደዚያችው ከተማ ገባ፤ ዛሬ ኬምብሪጅ በዓለም ከታወቁት የባዮቴክኖሎጂ ማዕከላት አንዷ ስትሆን የኮቪድ ክትባት ሠሪው የሞደርና ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ነው። ይህን ሁሉ ሕጉ ብቻውን አመጣው ማለቴ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ባይኖሩ ኩባንያዎቹም አይመጡም ነበር። ነገር ግን ገንዘቡን የሚያፈስስ ሰው ከጥብቅ ሕግ ይበልጥ የሚፈራው ነገ ምን እንደሚታዘዝ አለማወቁን ነው። ኬምብሪጅ ደግሞ ክርክሯን አስቀድማ ጨርሳ ነበር።

«ጉዳዩ የባለሙያ ነው፤ ተራ ሰው ምን ያውቃል?»

የኬምብሪጅ ነዋሪዎች መልሰውታል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በ1975 በካሊፎርኒያ አሲሎማር የተሰበሰቡት ሳይንቲስቶች ስለዚሁ የዲኤንኤ ምርምር የላቦራቶሪ አደጋ በጥንቃቄ መክረዋል። ሥራው ለጦር መሣሪያ ሊውል የመቻሉን ጉዳይ ግን ሆን ብለው ከውይይቱ ውጭ አድርገውታል። ባለሙያ «ይቻላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለው። «ይገባል ወይ?» ሲባል ግን ድምፁ እንደ ማንኛችንም አንድ ድምፅ ነው።

«ሕግ ምንጊዜም ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ነው»

ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የብሪታንያው ምሁር ዴቪድ ኮሊንግሪጅ በ1980 እንዳሳየው፣ ቴክኖሎጂ ለጋ ሳለ ማቃናቱ ቀላል ቢሆንም ጉዳቱ ገና አይታወቅም፤ ጉዳቱ ሲታወቅ ደግሞ ሥር ሰድዷል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንላለን፤ እሳቱ ከየት እንደሚነሣ የማያውቅ ሰው ግን ቅጠሉን ይዞ የት ይቁም?

«ምንጊዜም» የሚለው ቃል ግን ስሕተት ነው። በ1978 ከማሕፀን ውጭ ከተፈጠረ ፅንስ የመጀመሪያዋ ሕፃን ከተወለደች በኋላ፣ ብሪታንያ በፈላስፋዋ ሜሪ ዋርኖክ የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመች። ኮሚቴው በ1984 በሰው ፅንስ ላይ የሚደረግ ምርምር ከ14 ቀን እንዳያልፍ ሐሳብ አቀረበ፤ ገደቡ በ1990 ሕግ ሆነ። ያን ጊዜ ፅንስን በላቦራቶሪ ያን ያህል ማቆየት የቻለ አልነበረም። ተመራማሪዎች ወደ 13ኛው ቀን የደረሱት በ2016 ነው። ውሻው ጅቡ ከመምጣቱ 26 ዓመት ቀድሞ ጮኸ።

«ቴክኖሎጂ እንደ ቢላዋ ነው፤ ጥፋተኛው የያዘው እጅ ነው»

ቢላዋ የሚቆርጠውን ሰው ዜግነት አይጠይቅም። የኔዘርላንድስ የግብር መሥሪያ ቤት በሕፃናት ማቆያ ድጎማ ያጭበረበሩትን ለመለየት የተጠቀመበት የኮምፒውተር ሥርዓት ግን የኔዘርላንድስ ዜጋ አለመሆንን እንደ አንድ የጥርጣሬ ምልክት ይቆጥር ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ያለ ጥፋታቸው ድጎማውን መልሱ ተብለው ዕዳ ውስጥ ወደቁ፤ በ2021 መጀመሪያ ላይ መንግሥት ሥልጣኑን ለቀቀ። ርኅራኄ የሌለው ሕግና ቢሮክራሲም ነበሩበት። ቢሆንም ማን ይጠርጠር የሚለው ምርጫ ቁልፉን ከተጫነው ሠራተኛ በፊት፣ ሥርዓቱ ሲነደፍ ተወስኖ ያለቀ ነበር።

«ሕግ ከሌለ ነጻነት አለ»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። በ2019 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ምክር ቤት ፖሊስን ጨምሮ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ፊት በሚለይ ቴክኖሎጂ እንዳይጠቀሙ ድምፅ ሰጥቶ ከለከለ። በ2020 ደግሞ አማዞን የራሱን ፊት የሚለይ ሶፍትዌር ፖሊስ ለአንድ ዓመት እንዳይጠቀምበት በመግለጫ አገደ። ሁለቱም ፖሊስ ምን ማድረግ እንደሚችል ወስነዋል፤ ሁለቱም አስተዳድረዋል። የምክር ቤቱ አባላት ግን የወሰኑት በአደባባይ ተከራክረው ነው፤ በሚቀጥለው ምርጫም ወንበራቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ኩባንያው እገዳውን በማግስቱ ማንሣት ቢፈልግ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አይጠበቅበትም ነበር።