ማሳ ምንድን ነው? የአሮጌ መኪና ጌጆች ለምን ይዋሻሉ?

የፊት መብራት ሲበራ የሙቀት ጌጁ ጠቋሚ ወደ ላይ ይወጣል፤ መብራቱ ሲጠፋ ተመልሶ ይወርዳል። ፍሬቻ ሲበራ የነዳጅ ጌጁ ከብልጭታው እኩል ይወዛወዛል። ሞተር በመብራት አይሞቅም፣ ታንከርም በፍሬቻ አይሞላም። ብዙ ሰው ግን ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚቀይረው ጌጁን ነው፤ ያ ካልረዳ ታንከሩ ውስጥ ያለውን ሴንሰር። ደህና ዕቃ ተነቅሎ ሲጣል ማየት ያሳዝናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው አንድ የዛገ ብሎን ሥር ነውና። ያ ቦታ ማሳ ይባላል።

ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ከእርሻ ማሳ ጋር ዝምድና የለውም። ግራውንድ የሚሉትም አሉ። ማሳ ማለት ኤሌክትሪክ ሥራውን ጨርሶ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው። መሄጃው ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስቶ በፊውዝና በሽቦ ይመጣል። ለመመለሻው ግን ለየዕቃው ሽቦ አይዘረጋም፤ የመኪናው ብረት ራሱ የሁሉም የጋራ መመለሻ ይሆናል። የባትሪው ኔጌቲቭ በወፍራም ገመድ ከቦዲው ጋር ይታሰራል። ሞተሩ የሚቀመጠው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ የላስቲክ መደገፊያ ላይ ስለሆነ እሱም በሌላ ገመድ ከቦዲው ጋር ይያያዛል። ከጌጆቹ ጀርባ የሚወጣው የማሳ ሽቦ ደግሞ ዳሽቦርዱ ሥር አንድ ቦታ ላይ ከብረቱ ጋር በብሎን ይታሰራል።

ሚዛን ምንም ሳይጫንበት ዜሮ ላይ ካልቆመ፣ የሚመዘንበት ሁሉ ልክ አይመጣም። ለጌጆች ዜሮው ማሳ ነው። ብሎኑ ከዛገ፣ ከላላ ወይም ቀለም ላይ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ተቃውሞ ይገጥመዋል፤ ያ ነጥብ ዜሮ ቮልት መሆኑ ይቀርና ከፍ ይላል። ከጌጆቹ ጀርባ አምስት ባለ 3 ዋት አምፖሎች አሉ እንበል። በ12 ቮልት በድምሩ 1.25 አምፔር ይስባሉ። ማሳው ላይ 1 ኦም ተቃውሞ ቢፈጠር የዳሽቦርዱ ዜሮ ከ1 ቮልት በላይ ከፍ ይላል። አምፖሎቹ ትንሽ ደብዘዝ ቢሉ ነው፤ ጌጁ ግን ሌላ ነገር ማንበብ ይጀምራል። መብራት ሲበራ ችግሩ የሚገለጠውም በዚያ ብሎን የሚያልፈው ከረንት ስለሚጨምር ነው።

በብዙ አሮጌ መኪኖች የነዳጅና የሙቀት ጌጆች ኃይል የሚያገኙት ከአንዲት ትንሽ የቮልቴጅ ማረጋጊያ ነው። የባትሪው ቮልቴጅ 12ም ይሁን 14፣ እሷ በአማካይ 10 ቮልት ገደማ ታወጣለች፤ 5 ቮልት የምታወጣም ዓይነት አለች። ውስጧ ሲሞቅ የሚታጠፍ የብረት ምላስ አለ፤ ሲሞቅ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያገናኛል። ምላሱን የሚያሞቀው ከረንት የሚመለሰው በማሳ ነው። ማሳዋ ከተቋረጠ ምላሱ አይሞቅም፣ ስለማይሞቅም አይቆርጥም፤ የባትሪው ቮልቴጅ እንዳለ ወደ ጌጆቹ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነዳጁም ሙቀቱም አንድ ላይ ከእውነቱ በላይ ያሳያሉ። ይህን ምልክት የማያውቅ ሰው ሞተሬ እየነደደ ነው ብሎ ራዲያተር ሊያስፈታ ይችላል።

ስለዚህ መፍቻ ከማንሳት በፊት «ስንቱ ተበላሸ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ሁለት ሦስት ነገሮች አብረው ከሳቱ የሚፈለገው የጋራቸው የሆነው ነው፤ እሱም ወይ የኃይል ምንጫቸው ወይ ማሳቸው ነው። አንድ ብቻ ከሳተ ጌጁን፣ ሽቦውንና ሴንሰሩን ማየት ነው። እዚያም ቢሆን ማሳ አይረሳም፤ የነዳጅ ሴንሰር ታንከሩ አጠገብ የራሱ ማሳ አለው። ባለ አንድ ሽቦ የሙቀት ሴንሰር ደግሞ ማሳ የሚያገኘው እንደ ብሎን ተጠምዝዞ በሚታሰርበት ጥርሱ በኩል ከሞተሩ ነው። ውሃ እንዳያንጠባጥብ ተብሎ ጥርሱ ላይ ቴፕ በወፍራሙ ከተጠቀለለ ማሳው ሊጠፋ ይችላል፤ ሞተሩ እየጋለ ጌጁ ቀዝቃዛ ያሳያል። ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው።

ምርመራው በቴስተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያ ነው፣ በዲሲ ቮልት። ጥቁሩ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩ ከጌጆቹ ጀርባ የማሳው ሽቦ ላይ ይደረጋል። ቁልፉ ይከፈታል፣ መብራትና ፍሬቻ ይበራሉ። 0.1 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ካነበበ ማሳው ጤነኛ ነው፤ ግማሽ ቮልት ከሆነ ታሟል። ምንም ሳያበሩ መለካት ዋጋ የለውም፤ ከረንት ካላለፈ ተቃውሞው አይታይም። በኦም የሚለኩ አሉ፤ እኔ አላምነውም። ቴስተሩ ኦም ሲለካ የሚያሳልፈው ከረንት እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ ክሮቹ ተበጥሰው አንድ ብቻ የቀረው ሽቦ እንኳ ሙሉ መስሎ ይነበባል። ከመጀመር በፊት የባትሪውን አስተሳሰር ማየትም ያስፈልጋል፤ እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቫቸው ነው፤ በእነሱ ላይ እዚህ የባትሪው ኔጌቲቭ የተባለው ሁሉ ፖዘቲቭ ይሆናል።

ጥርጣሬውን ለማጥራት ከማሳው ሽቦ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ አንድ ጊዜያዊ ሽቦ መዘርጋት ይበቃል። ጌጆቹ ወዲያው ከተስተካከሉ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም። የባትሪው ማሳ ይፈታል፣ ብሎኑ ይወጣል፣ ከሥሩ ያለው ብረት እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ጠብቆ ይታሰራል። ዝገት እንዳይመለስ ግሪስ የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ነው።

ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደውም ገመድ አብሮ ይታይ። እሱ ከተበጠሰ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የሚስበው በመቶ የሚቆጠር አምፔር ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም የነዳጅ መስጫውን ወይም የፍጥነት መቁጠሪያውን ቀጭን የብረት ገመድ ሊሆን ይችላል። መኪናው ሲነሳ ከእነዚህ አንዱ ከጋለ ወይም ሽፋኑ ቀልጦ ከተገኘ፣ አዲስ ከመግዛት በፊት የሞተሩ ማሳ ይለካ።