ከምርጫው ወረቀት ጀርባ፦ ስለ ካውንቲ የመሬትና የግንባታ ድምፅ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በአሜሪካ የምርጫ ወረቀት ላይ ፕሬዚዳንቱ ከላይ ነው፤ የካውንቲው የመሬት አጠቃቀም ጥያቄ ሲኖር ደግሞ ከታች፣ አንዳንዴም በጀርባው ይመጣል። ብዙ ወገኖቻችን የላይኛውን ሞልተው ጀርባውን ሳይገልጡ ያስገባሉ። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ስንጫወት የምሰማቸው ምክንያቶች አብዛኞቹ ስሕተት ስለሆኑ፣ የማውቀውን ልጻፍ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ዞኒንግና የግንባታ ሕግ ያው አንድ ነው»

አይደለም። ዞኒንግ ምን የት እንደሚሠራ ይወስናል፤ የግንባታ ሕግ ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ። የምድር ቤቱን መኝታ ክፍል አድርጎ ማከራየት የፈለገ ሰው ሁለቱንም ይጋፈጣል። ዞኒንጉ «በዚህ ሰፈር ከአንድ ቤተሰብ ሌላ መኖር ይፈቀዳል ወይ?» ይለዋል። የግንባታ ሕጉ መስኮቱን ይለካበታል፦ በብዙ ግዛቶች በሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ደንብ የማምለጫው መስኮት ደፍ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ መራቅ የለበትም፤ ሲከፈትም በአብዛኛው 5.7 ስኩዌር ጫማ ክፍተት መስጠት አለበት። እሳት ቢነሣ ሰው የሚወጣበት፣ እሳት አጥፊ ከነመሣሪያው የሚገባበት ልክ ነው። ለመራጩ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው፣ ዞኒንጉ ነው።

«በየትም ቦታ የመጨረሻው ቃል የመራጩ ነው»

እንደ ግዛቱ ይለያያል። በኦሃዮ የካውንቲ የገጠር ዞኒንግ በአንድ ታውንሺፕ (በካውንቲው ውስጥ ባለ አነስተኛ የአስተዳደር ክልል) የሚጸናው የዚያው ታውንሺፕ መራጮች በአብላጫ ድምፅ ሲቀበሉት ነው። በቴክሳስ ደግሞ ካውንቲዎች ባጠቃላይ የዞኒንግ ሥልጣን የላቸውም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ የሚወስነው የተመረጠው የካውንቲ ቦርድ ነው። የአርሊንግተን ቦርድ በማርች 2023 ቀድሞ አንድ ቤት ብቻ በሚፈቀድበት መሬት እስከ ስድስት መኖሪያ እንዲሠራ ሲፈቅድ፣ የተቃወሙ ነዋሪዎች የሄዱት ወደ ፍርድ ቤት ነበር። እዚያ የመራጩ ኃይል ያለው ቦርዱን በሚመርጥበት ቀን ነው።

ካሊፎርኒያ ሌላ ታሪክ አላት። የናፓ ካውንቲ ባለሥልጣናት በ1968 የወይን እርሻውን ከከተማ መስፋፋት የሚጠብቅ ክልል ከለሉ። ነዋሪው ግን የነገው ቦርድ እንዳይሽረው ሰጋ። በ1990 የእርሻ መሬት ያለ መራጩ ፈቃድ ወደ ሌላ አገልግሎት እንዳይለወጥ በድምፁ ደነገገ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 አጸናው፤ በ2008 መራጮቹ እስከ 2058 አራዘሙት። የሕዝብ ድምፅ መሬትን ሲጠብቅ ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

«የጎረቤቴን ፎቅ በድምፅ አስቆመዋለሁ»

ድምፅ የሚሰጠው በሕጉ ላይ ነው። ሕጉን ያሟላ ሰው የግንባታ ፈቃድ ሲጠይቅ ጉዳዩ የአስተዳደር ሥራ ነውና ለመራጭ አይቀርብም።

«ብዙኃኑ ከወሰነ ትክክል ነው፣ አለቀ»

ይህኛው እኛን ጥቁሮችን በተለይ ሊያሳስበን ይገባል። በ1916 የሴንት ሉዊስ መራጮች፣ 75 ከመቶው ነዋሪ ከሌላ ዘር በሆነበት ብሎክ ጥቁር ወይም ነጭ ገብቶ እንዳይኖር የሚከለክል ደንብ ከሦስት እጅ ሁለቱን በሚበልጥ ድምፅ አጸደቁ። ያንን ያደረገው ምክር ቤት አይደለም፣ ሕዝቡ ራሱ ነው። በማግስቱ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሉዊቪል ከተማን ተመሳሳይ ደንብ ሲሽር የሴንት ሉዊሱም አብሮ ወደቀ። በካሊፎርኒያ ደግሞ በ1950 በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ የድሆች ቤቶች ያለ አካባቢው መራጭ ፈቃድ እንዳይሠሩ ተደነገገ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 ሳይሽረው ቀረ። ስለዚህ ፍርድ ቤት ሁልጊዜ ይደርስልናል ብሎ መተኛትም አያዋጣም።

ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመሥራት መሬት የገዛ ማኅበር ግን በ2000 የወጣውን የፌዴራል የሃይማኖት ተቋማት መሬት አጠቃቀም ሕግ ማወቅ አለበት። የአካባቢ ዞኒንግ አምልኮን ያለ በቂ ምክንያት እንዳያጨናንቅና ከሌሎች መሰብሰቢያዎች አሳንሶ እንዳያይ ይከለክላል። ዞኒንጉ ከሚጠይቀው የመኪና ማቆሚያ ቁጥር ግን ነጻ አያወጣም፤ መሬት ከመግዛት በፊት ዞኒንጉን መጠየቅ ይሻላል።

«ሕዝብ ከተጠየቀ ሁልጊዜ ገደብ ይጨምራል»

በቴክሳስ የሂዩስተን ከተማ መራጮች በ1948፣ በ1962 እና በ1993 ዞኒንግ ቀርቦላቸው ሦስቱንም ጊዜ እንቢ አሉ። ይህ ማለት ግን ከተማዋ ሕግ የላትም ማለት አይደለም፤ የቦታ ስፋት ደንብ አለ፣ በብዙ ሰፈሮችም በቤቱ የይዞታ ሰነድ ላይ የተጻፉ ገደቦች አሉ።

«ተከራይ ነኝ፣ አያገባኝም»

ለድምፅ የሚጠየቀው ዜግነት፣ ዕድሜና በአድራሻ መመዝገብ እንጂ የቤት ባለቤትነት አይደለም። እንዲያውም ቤት ሲበዛ ወይም ሲያንስ ኪራዩ የሚነካው ተከራዩን ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ድምፅ ባይሰጥም ሕዝባዊ ውይይት ላይ ቀርቦ መናገር ወይም መጻፍ ይችላል።

«ሕጉን ከተቃወምኩ 'አይ' እላለሁ፣ ቀላል ነው»

በካሊፎርኒያ ሰዎች ፊርማ አሰባስበው የቦርዱን ሕግ ለመሻር ለመራጭ ሲያቀርቡ፣ «አዎ» ማለት ሕጉ ይጽና፣ «አይ» ማለት ይሻር ነው። ጥያቄው «ሕጉ ይሻር ወይ?» ተብሎ በሚቀርብበት ቦታ ግን ትርጉሙ ይገለበጣል። በብዙ ካውንቲዎች የናሙናው ወረቀት ከምርጫው በፊት በፖስታ ይመጣል ወይም በድረ ገጽ ይወጣል፤ ጀርባውን ገልጦ አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ማንበብ ይበቃል።