ካልቾፖሊ፦ የ2006ቱ ቅጣትና የፍትሕ ጥያቄው

ካልቾፖሊ በ2006 የጣሊያንን እግር ኳስ ያናጋው የዳኞች ምደባ ቅሌት መጠሪያ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጁቬንቱስ በዚህ ቅሌት ሁለት የሊግ ዋንጫ ተነጥቆ ከሴሪ ኤ (ከአንደኛው ሊግ) ወደ ሴሪ ቢ (ወደ ሁለተኛው ሊግ) ወርዷል። ጥፋት ነበር ወይ የሚለው ክርክር በርዷል። ሁሉም እኩል ተቀጣ ወይ የሚለው ግን ዛሬም ትኩስ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከተጠለፈ ስልክ ነው። በሜይ 2006 ጋዜጦች የጁቬንቱስ ዋና ዳይሬክተር ሉቺያኖ ሞጂ ከዳኛ መዳቢዎቹ ፓኦሎ ቤርጋሞና ፒየርሉዊጂ ፓይሬቶ ጋር የተነጋገሩትን አወጡ። ሞጂ ለየትኛው ጨዋታ ማን ቢመደብ እንደሚሻል ሲመክሩ ይሰማሉ። በኖቬምበር 2004 ጁቬንቱስ በሬጂና 2 ለ 1 ከተሸነፈ በኋላ ደግሞ ዳኛውን መልበሻ ክፍል ቆልፌበት ቁልፉን ይዤ ሄድኩ ብለው በስልክ ፎክረዋል። የአፈና ክሱ በኋላ ተዘግቷል። እንዲህ ዓይነት ንግግር ግን ከአንድ ትልቅ ክለብ ኃላፊ የሚጠበቅ አይደለም።

ፍርዱ በጥድፊያ መጣ። የጣሊያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን በአውሮፓ ውድድሮች የሚሳተፉትን ክለቦች ለአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ለዩኤፋ በቶሎ ማሳወቅ ነበረበት። ጣሊያን በርሊን ላይ የዓለም ዋንጫን ያነሳችው ጁላይ 9 ነው። በዚያ ፍጻሜ ከጣሊያንም ከፈረንሳይም ስምንት የጁቬንቱስ ተጫዋቾች ሜዳ ገብተዋል። ከአምስት ቀን በኋላ ክለባቸው ከ30 ነጥብ ቅነሳ ጋር ወደ ሴሪ ቢ ወረደ። ቅነሳው በይግባኝ 17፣ በኦክቶበር በግልግል ዳኝነት 9 ሆነ። ላዚዮና ፊዮረንቲናም መጀመሪያ እንዲወርዱ ተፈርዶባቸው ነበር፤ በይግባኝ ሁለቱም ሴሪ ኤ ቀሩ። ኤሲ ሚላን በይግባኝ ለቀጣዩ የውድድር ዓመት 8 ነጥብ ብቻ ተቀንሶበት በቻምፒዮንስ ሊግ ተጫወተ፤ በ2007ም ሊቨርፑልን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የወረደው አንድ ክለብ ብቻ ነው።

ለቅጣቱ የሚቆሙት መልስ አላቸው። የጁቬንቱስ ግንኙነት ከሌሎቹ የሰፋና የዘለቀ ነበር ይላሉ። የክለቡ ጠበቃ ራሳቸው በችሎቱ ላይ ሴሪ ቢ ከነጥብ ቅነሳ ጋር ተቀባይነት ያለው ቅጣት ነው ማለታቸው አይካድም። በሌላ በኩል ግን ፍርዱ የቆመው ይህ ጨዋታ ተሸጠ በሚል ማስረጃ ላይ አልነበረም። የተለያዩ ጥፋቶች ተደምረው እንደ አንድ ከባድ ጥፋት ተቆጠሩ።

ከዚያ የመጣው ዓመት ለአሮጊቷ (ጁቬንቱስ የሚጠራበት ቅጽል ስም ነው) ደጋፊዎች የማይረሳ ነው። ካናቫሮና ኤመርሰን ወደ ሪያል ማድሪድ፣ ዛምብሮታና ቱራም ወደ ባርሴሎና፣ ኢብራሂሞቪችና ቪዬራ ወደ ኢንተር ሄዱ። ቡፎን፣ ዴል ፒዬሮ፣ ኔድቬድ፣ ትሬዜጌና ካሞራኔዚ ግን ቀሩ። የዓለም ዋንጫ ካነሳ ገና ሁለት ወር የሆነው ግብ ጠባቂው ቡፎን በሴሪ ቢ የመጀመሪያ ጨዋታ በትንሿ ሪሚኒ ሜዳ ግቡን ሊጠብቅ ቆመ። ውጤቱ 1 ለ 1 ነበር። በዲዲዬ ዴሾ የሚመራው ቡድን ቅነሳውን ተሸክሞ ሊጉን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ዴል ፒዬሮ በ20 ግብ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ታማኝነት ማለት ይሄ ነው።

የ2004-05 ዋንጫ ያለ ባለቤት ቀረ። የ2005-06ቱ ለኢንተር ተሰጠ። ኋላ በኔፕልስ በተካሄደው የወንጀል ችሎት ግን በ2006 ያልተሰሙ ሌሎች የስልክ ንግግር ቅጂዎች ወጡ። በጁላይ 2011 የፌዴሬሽኑ ዐቃቤ ሕግ ስቴፋኖ ፓላዚ ኢንተርም በወቅቱ ኃላፊው በጃቺንቶ ፋኬቲ በኩል ደንብ ሳይጥስ እንዳልቀረ ጻፉ። ፋኬቲ በ2006 አርፈው ስለነበር ራሳቸውን መከላከል አልቻሉም፤ ኢንተርም ክሱን አይቀበልም። ለማንኛውም ጉዳዩ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ፣ ታግዶ ነበር። ፌዴሬሽኑም ዋንጫውን የመንጠቅ ሥልጣን የለኝም አለ። አንዱ በሁለት ወር ተፈርዶበት ሌላው በይርጋ ሲያመልጥ ሚዛኑ ልክ ነው ማለት ይከብዳል።

ሞጂ በ2011 ከእግር ኳስ ለዕድሜ ልክ ታገዱ። በኔፕልሱ የወንጀል ችሎት የተፈረደባቸው 5 ዓመት ከ4 ወር በይግባኝ ወደ 2 ዓመት ከ4 ወር ወረደ። በ2015 ሰበር ሰሚው ችሎት ይርጋ አልፏል ብሎ መዝገቡን ዘጋው። በ2023 ጁቬንቱስ በተጫዋች ዝውውር ሂሳብ ጉዳይ እንደገና ነጥብ ተቀነሰበት፤ መጀመሪያ 15፣ በኋላ 10።

ክለቡ በ2012 ሊጉን ሲያሸንፍ ይፋዊው ቁጥር 28 ነበር። በቀጣዩ የውድድር ዓመት ማሊያው ላይ ግን የተነጠቁትን ሁለቱን ጨምሮ «30 በሜዳ ላይ» ብሎ አሳተመ። ዛሬ ፌዴሬሽኑ 36 ሲል ክለቡ 38 ይላል።