«ምክንያቱ ያልታወቀ መካንነት» ምንድን ነው? ሌትሮዞልስ እዚህ ምን አገባው?

«ሌትሮዞል ከክሎሚፊን እንደሚበልጥ በጥናት ተረጋግጧል፤ ክሎሚፊን ካዘዘልሽ ሐኪም ቀይሪ።» ይህን ምክር ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበብኩት እንጃ። (ሁለቱም ኦቫሪን፣ ማለትም እንቁላል የሚያመርተውን አካል፣ የሚቀሰቅሱ የመካንነት ኪኒኖች ናቸው።) የተመከረችው ሴት ግን የወር አበባዋ ቀኑን ጠብቆ የሚመጣ፣ የማህፀን ቱቦዋ ክፍት የሆነ፣ የባሏም የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደህና የሆነ ናት። እንደሷ ያለች ሴት እኮ ጥናቱ ውስጥ የለችም!

ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ነው። ከ750 ሴቶች ሌትሮዞል ከደረሳቸው 27.5 በመቶ፣ ክሎሚፊን ከደረሳቸው 19.1 በመቶ ወለዱ። እውነት ነው። ግን ሁሉም ፒሲኦኤስ የተባለ የሆርሞን መዛባት ያለባቸው ናቸው፤ ችግራቸው እንቁላሉ በጊዜው አለመለቀቁ ነው። «ምክንያቱ ያልታወቀ» የምንለው ደግሞ እንቁላሉ በየወሩ እየተለቀቀ፣ ሁሉም ምርመራ ደህና ሆኖ፣ ዓመት ተሞክሮ (ከ35 ዓመት በላይ ለሆነች ስድስት ወር) ያልተረገዘ ሲሆን ነው። ምክንያት የለውም ማለት አይደለም። ያሉን ምርመራዎች አላገኙትም ማለት ነው። «ጭንቀት ነው፣ ስትተዉት ይመጣል» ከሚሉት ጋር ሌላ ቀን እንጣላለን።

በኳስ ልሞክር። የፒሲኦኤሱ ቡድን ጎል ጋ ደርሶ አይመታም፤ መድኃኒቱ አጥቂ ያስገባለታል። ሌላኛው ቡድን በየወሩ አንዴ ይመታል፣ ግን አይገባለትም። እዚህ የምናደርገው ሁለት ሦስት ኳስ (እንቁላል) ባንዴ እንዲመታ ነው። ክሎሚፊን ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ከአንጎል ይደብቃል፣ ሌትሮዞል ምርቱን ይቀንሳል፤ አንጎልም ሆርሞኑ ያነሰ መስሎት ኦቫሪን አብዝቶ ይቀሰቅሳል። ጎናዶትሮፒን የተባለው የሆርሞን መርፌ ግን አንጎልን ዘሎ በቀጥታ ኦቫሪ ላይ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ጉልበቱም ያይላል፣ ልኩን መያዝም ይከብዳል። ጣጣው ደግሞ ሦስቱም ኳስ ሊገባ፣ ማለትም ሦስት ልጅ ባንዴ ሊረገዝ መቻሉ ነው። ሜዳ ላይ 3 ለ 0 ያስጨፍራል፤ ማህፀን ውስጥ ግን ያለጊዜው መወለድ አለ፣ የእናትየው ደም ግፊት አለ። አልትራሳውንዱ ላይ ጥቁር ጥቁር ክብ ሆነው የሚታዩት የእንቁላል ከረጢቶች ከበዙ «የዚህን ወር እንተወው» የምንለው ለዚህ ነው። ጎል ይበዛል ተብሎ የሚቋረጥ ጨዋታ ሌላ የት አለ?

ለነዚህ ጥንዶች የተሠራው ንጽጽር እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ነው፦ 900 ጥንዶች፣ ቢበዛ አራት ዙር። በመርፌ 32.2፣ በክሎሚፊን 23.3፣ በሌትሮዞል 18.7 በመቶ ወለዱ። አያችሁ? ሌትሮዞል መጨረሻ ነው። አሁን ደግሞ «ክሎሚፊን አሸነፈ» ብላችሁ እንዳትሮጡ፤ በሁለቱ ኪኒኖች መካከል ያለው ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። ሌትሮዞል መንታን ይቀንሳል የሚል ተስፋም ነበር፤ ከክሎሚፊን አንጻር አልቀነሰም፦ 13.4 በመቶ ለ9.4። መርፌው ላይ ግን ከ107 እርግዝና 34ቱ ከአንድ በላይ ልጅ የያዙ ነበሩ፣ ከነዚህም 10ሩ ሦስት ሦስት። (የመንታው በመቶኛ ካረገዙት እንጂ ከታከሙት ሁሉ አይሰላም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ያናድደኛል።)

ደግሞ አንድ ማንም ያልጠየቀኝ ነገር። እዚያ ጥናት ውስጥ ሁሉም ሴቶች ከመድኃኒቱ ጋር ዘሩ ታጥቦ በቀጭን ቱቦ ማህፀናቸው ውስጥ ይገባላቸው ነበር። ስለዚህ ኪኒኑን ቤት ወስዶ ብቻውን ስለመዋጥ ምንም አይነግረንም። ስለሱ የሚነግረን እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ 580 ሴቶች የተሳተፉበት የስኮትላንድ ጥናት ነው። ክሎሚፊን ከደረሳቸው 14 በመቶ ወለዱ። ምንም ሳይወስዱ እንዲጠብቁ ከተነገራቸው ደግሞ 17።