ሜዳው ለቤት፣ ዳገቱ ለእርሻ? በጅማ ዙሪያ ስለ መሬት የሚባሉና እውነታው

ጅማ ወደ ጎን እየሰፋች ነው፤ በዙሪያዋ ያሉት የገጠር ቀበሌዎችም ቤት፣ መንገድና ትምህርት ቤት ይፈልጋሉ። ደጋግመው የሚነሡ ጥቂት ሐሳቦች ግን ፕላኑን ገና ከጅምሩ ያበላሹታል።

«ቤቱን ሜዳው ላይ እንሥራ፣ ዳገቱን እናርሳለን»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ቤት ዳገት ላይ እርከን ተቆርጦለት ይቆማል። በቆሎ ዳገት ላይ ከተዘራ ግን ክረምት በገባ ቁጥር ለሙ አፈር ታጥቦ ይወርዳል፤ ከፊሉም ግልገል ጊቤ ግድብ ውስጥ ገብቶ ደለል ይሆናል። በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስ፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ ጠረጴዛማ እርከን (ዳገቱ እንደ ደረጃ ደልደል ተደርጎ የሚቆረጥበት) ሲሠራለት ብቻ ዓመታዊ ሰብል እንዲዘራበት የደነገገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ቦታ ከመመረጡ በፊት ተዳፋቱ ይለካ። 10 ሜትር ክር፣ ሁለት የተመተረ እንጨትና ውሃ ልክ ይበቃል። ክሩን በእንጨቶቹ መካከል ወጥሮ ላይና ታች ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ውሃ ልኩን ክሩ መሃል ላይ ሰቅሎ አረፋው መሃል እስኪገባ ክሩን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያ በሁለቱ እንጨቶች ላይ የተነበበውን ማቀናነስ ነው። ልዩነቱ 1.5 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 15 በመቶ ነው። ክሩ ከረገበ ወይም ውሃ ልኩ ከክሩ መሃል ከራቀ ንባቡ ይሳሳታል። ለመንደር የሚመቸው አፈሩ ስስ የሆነ፣ ከ5 እስከ 15 በመቶ ያለ ቦታ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የመሠረቱም የመንገዱም ወጪ ይንራል። ከጣሪያና ከመንገድ ለሚወርደው ጎርፍ ቦይ ካልተበጀለት ደግሞ ከታች ያለው ማሳ ቦረቦር ይሆናል።

«ረግረግ ባዶ መሬት ነው»

አይደለም። ክረምት ጎርፉን ይይዛል፣ በጋ ላይ ለከብት ሣርና ውሃ ይሰጣል። በጅማ አካባቢ የጡብ ጭቃ ሲቆፈርበት የሚቀረው ጉድጓድ ብቻ ነው። ቤት ቢሠራበትም መሠረቱ ይሰምጣል፣ ሽንት ቤቱ በክረምት ይሞላል።

«ልጅ ጎጆ ሲወጣ ከማሳው ላይ ቆርሶ መስጠት ነው»

እንጀራ ፈላጊ ልጅ ሲበዛ ይህ አያስኬድም። በ1999 የወጣው የኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 130 ለዓመታዊ ሰብል ከግማሽ ሄክታር፣ ለቋሚ ተክል ከሩብ ሄክታር በታች እንዳይከፋፈል ወሰን አስቀምጦ ነበር። ከየማሳው ከመቆረስ ቤቶቹን በአንድ መንደር ማሰባሰብ ይሻላል፤ ሒሳቡን እንሥራው፦ 100 ቤት እያንዳንዱ 500 ካሬ ከያዘና ከጠቅላላው ቦታ 30 በመቶው ለመንገድ ከተተወ ከ7 ሄክታር በላይ ይፈጃል። በ200 ካሬ ተጠጋግተው ቢሠሩ 3 ሄክታር አይሞላም። ውሃውም መብራቱም በአጭር መስመር ይደርሳል።

«ካሳ ከተከፈለ ጉዳዩ አለቀ»

በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሬቱ ተወስዶበት ምትክ መሬት ለማያገኝ ተነሺ ከመነሣቱ በፊት ባሉት 3 ዓመታት ያገኘውን ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዝቶ ነበር ያሰላው። ገንዘቡ ሌላ መሬት አይፈጥርም። ምትክ ቢገኝም አዲስ የተተከለ ቡና የመጀመሪያ ፍሬውን የሚያሳየው ከ3 እስከ 4 ዓመት ቆይቶ ነው፤ ለቡናው የሚያስፈልገው የዋንዛ ዛፍ ጥላ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል።

«ፕላን የከተማ ጉዳይ ነው፣ ለገጠር ገና ነው»

ጥርጊያ መንገድ ከወጣና የመብራት ምሰሶ ከተተከለ በኋላ የሚመጣ ፕላን ጨረቃ ቤቶቹን ቆጥሮ ከመመዝገብ አያልፍም። የምሰሶው መስመር የትኛውን ማሳ እንደሚያልፍ በካርታ ላይ መታየት ያለበት ጉድጓዱ ሳይቆፈር ነው።